ቃሉ የአቶ አምሐ፣ ቁጥሩ የሸዋረጋ

ደብተሩ በካሊፎርኒያዋ ኤመሪቪል፣ በአቶ አምሐ ወጥ ቤት፣ ከፍሪጁ ጎን በክር ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። በየቀኑ አንድ ገጽ ይሞላል። ከላይ ቀኑ፣ ቀጥሎ ጠዋትና ማታ የተለካው የደም ግፊት፣ ከዚያ የተበላውና የተዋጠው ኪኒን፣ ከታች ደግሞ አስተያየት የሚጻፍበት ሰፊ ባዶ ቦታ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ደብተሩን ያመጣችው የአቶ አምሐ ልጅ መቅደስ ናት። ሳን ሆዜ ነው የምትኖረው፤ ሥራዋ ስለማያፈናፍናት እሑድ እሑድ ብቻ እየመጣች ገጾቹን በስልኳ ፎቶ አንስታ ለሐኪሙ ትልካለች።

ደብተሩን መሙላት ያለባት ሸዋረጋ ናት፤ አቶ አምሐን እንድትንከባከብ የተቀጠረችው። እሷ የምትሞላው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው።

ሸዋረጋ አርባ ሰባት ዓመቷ ነው። ኮልፌ ተወልዳ፣ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ አክስቷ ልጅ እንድትይዝላት ወሰደቻትና በዚያው ቀረች። ፊደል ትለያለች። የአማርኛ ጽሑፍ ከሆነ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ሰው ካላያት ታነባለች። ሰው ካያት ፊደሉ ሁሉ ድራሹ ይጠፋል። ቁጥር ግን አስቸግሯት አያውቅም። የአውቶቡስ ቁጥር በሉት የስልክ፣ አንዴ ካየችው ከጭንቅላቷ አይወጣም። አሜሪካ የመጣችው በባሏ በንጋቱ ዲቪ ነው። ንጋቱ ሦስት ዓመት አብሯት ኖሮ ወደ ዴንቨር ሄደ፤ እሷ ሳን ፓብሎ አንዲት ክፍል ተከራይታ ቀረች። ሆቴል አንሶላ ስትቀይር ስድስት ዓመት ቆይታ ወገቧ እምቢ ሲላት፣ ቤተ ክርስቲያን ያገኘቻት አንዲት ሴት የመቅደስን ስልክ ሰጠቻት።

«እንግሊዝኛ ትጽፊያለሽ?» አለቻት መቅደስ በስልክ። «ዶክተሩ ሎግ ይፈልጋል፣ ኤቭሪ ደይ።»

«ትንሽ ትንሽ» አለች ሸዋረጋ።

ይህ ባለፈው ጁን ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታ ቁጥሮቹን ጽፋ ስታበቃ፣ እስክሪብቶዋን ባዶው ቦታ ላይ ደቅና ቆየች። አቶ አምሐ ከሶፋቸው ሆነው በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ በሱዳን አድርገው በስደት መጥተው፣ ቀን መኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠሩ ማታ ማታ አካውንቲንግ የተማሩ ሰው ናቸው። ነገሩ እስኪገባቸው ጊዜ አልፈጀባቸውም።

«አምጪው እስቲ» አሉ። ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸው የእጅ ጽሑፋቸውን እንዳታውቀው በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሁለት መስመር ጻፉ። ከዚያ በአማርኛ አነበቡላት። «ታካሚው ምሳቸውን በሚገባ በሉ። በጣም ደስ የሚሉ፣ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው።»

ሸዋረጋ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁጥሩ የእሷ፣ ቃሉ የእሳቸው ሆነ። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገሩም።

የነነዌ ጾም እስኪመጣ ድረስ ይህ ማንንም አልጎዳም ነበር። አቶ አምሐ የነነዌን ሦስት ቀን እህል ውሃ ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማሉ፤ የደም ግፊቱን ኪኒን ግን ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይውጡታል። «ኪኒን ምግብ አይደለም» ነው የሚሉት። ማክሰኞ ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጡ ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሸዋረጋ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ዘጠና ሁለት በሃምሳ ስምንት።

ማታ ደብተሩ ሲወጣ አቶ አምሐ እስክሪብቶውን ሰጧት። «መቶ አሥራ ስምንት በሰባ ስድስት በይ።»

«ጋሼ…»

«ሁለት ሳምንት ራሴን ካላዞረኝ ወደ ኳሱ እንድሄድ መቅደስ ፈቅዳለች። ካዞረኝ አልሄድም። እኔ ያንቺን ለማንም አልተናገርኩም፤ አንቺም የኔን አትናገሪ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እሷም አንድ፣ አንድ፣ ስምንት ብላ ጻፈች። እስከዚያ ቀን እጇ በደብተሩ ላይ ውሸት ጽፎ አያውቅም።

ኳሱ የሚሉት በዓመት አንድ ጊዜ ሁለት የካሊፎርኒያ ኮሌጆች የሚገናኙበትን የቅርጫት ኳስ ነው። አረንጓዴ ለባሹ የሳን ሆዜው ነው፣ አቶ አምሐ የተማሩበት። ቀይ ለባሹ የኦክላንዱ ነው፤ እዚያ የተማሩት ደግሞ ወዳጃቸው አቶ ተስፋጽዮን ናቸው። ሁለቱ ከሱዳኑ ገዳሪፍ ጀምሮ አይለያዩም። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ይህን ጨዋታ አብረው አይተዋል። የተሸነፈው፣ የአሸናፊውን ኮፍያ አድርጎ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ሁሉ ባለበት አዳራሽ ይገባል፤ ውርርዳቸው ይኸው ነው። መቅደስ ልጅ ሆና እየተጎተተች ሄዳ ስለተሰላቸች ዛሬ ጨዋታውን ስሙን መስማት አትወድም። «እሷን ይዘህ ሂድ» አለቻቸው፣ ሸዋረጋን ማለቷ ነው። ዘንድሮ ጨዋታው የዋለው በአሜሪካኖቹ የፕሬዚዳንቶች ቀን በዓል፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ነበር። ዐቢይ ጾምም የገባው በዚያው ሰኞ ነው።

አቶ ተስፋጽዮን ሃያ ሰባት ዓመት ታክሲ የነዱ ናቸው፤ ዛሬም መሪ ሲይዙ ተሳፋሪ የጫኑ ይመስላቸዋል። ከኤመሪቪል እስከ ሳን ሆዜ ቀዩን ኮፍያቸውን አጥልቀው ነዱ። ሸዋረጋ ከኋላ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀምጣለች። ቦርሳው ውስጥ መለኪያው፣ ደብተሩ፣ ውሃና በዘጠኝ ሰዓት የሚበላ ዳቦ በተልባ አለ።

«የናንተ ልጆች ዘንድሮ ምን ነካቸው?» አሉ አቶ ተስፋጽዮን። «ኳሱን እንደ ዕቁብ ያዞሩታል፤ ዕጣው ግን ለማንም አይደርስም።»

«ያንተ ያ ረጅሙ ልጅ ይሻላል? ቆሞ የስልክ እንጨት፣ ሲሮጥ የፈረሰ አጥር።»

«እናያለና። ኮፍያውን አሳጥቤ ነው የማመጣልህ፣ ጸጉርህ እንዳይጨማለቅ።»

«ጸጉር ያለው ሰው ይናገር።»

የአዳራሹ በር ላይ ጥበቃዎቹ የሸዋረጋን ቦርሳ አልቀበል አሉ። ውስጡ የሚታይ፣ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ካልሆነ አይገባም። ይህን የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ በትልቁ ተለጥፎ ኖሯል፤ ሸዋረጋ አይታዋለች፣ አላነበበችውም። አቶ ተስፋጽዮን እያጉረመረሙ ቦርሳውን መኪናው ውስጥ አስቀምጠው ተመለሱ። መለኪያውም ዳቦውም ከቦርሳው ጋር ቀሩ።

ወንበራቸው ከላይ ነው፤ በጣም ከላይ። ታች ለሽማግሌና ለዊልቸር የተለየ ቦታ አለ። አቶ አምሐ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር አይለውጡም። ደረጃውን ሸዋረጋ ከኋላ እጇን ዘርግታ፣ ሳትነካቸው ተከተለቻቸው። በየሰባት ደረጃው ቆሙ። በቆሙ ቁጥር ሜዳውን የሚያዩ መሰሉ።

ሸዋረጋ እንዲህ ያለ አዳራሽ ገብታ አታውቅም። ጩኸቱ መጀመሪያ ጆሮዋን ደፈነው፤ በኋላ ለመደችው። ስለ ጨዋታው ምንም አልገባትም፤ ግን ሁሉም ነገር ላይ ቁጥር ነበረ። ልጆቹ ጀርባ ላይ ቁጥር፣ ከላይ በተንጠለጠለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ ቁጥር፣ ሰዓቱ ራሱ ወደ ኋላ የሚቆጥር ቁጥር። እሱን ትከተል ጀመር።

ከእረፍት በፊት ሽማግሌዎቹ ተጣሉ። የቀዮቹ አሥራ አንድ ቁጥር ስንት ፋውል ሠርቷል ነው ጉዳዩ። አንዱ ሁለት ይላል፣ አንዱ አራት። አምስት የሞላው ከሜዳ ይወጣል።

«ሦስት ነው» አለች ሸዋረጋ፣ ጉልበቷን እያየች።

ሁለቱም ዘወር አሉ። ሰሌዳው ላይ ተፈለገ። ሦስት።

«ይቺን ከየት ነው ያመጣሃት?» አሉ አቶ ተስፋጽዮን። «ዳኛ ናት እንዴ?»

«የኔ ሰው ናት» አሉ አቶ አምሐ። ሸዋረጋ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። በነነዌ ማክሰኞ የጻፈችው አንድ፣ አንድ፣ ስምንት ትዝ አላት።

በእረፍቱ አቶ ተስፋጽዮን ፋንዲሻ ገዝተው መጡ። «ቅቤ የለውም፣ ጠይቄያለሁ። ብላ።»

«ገና ሰባት ተኩል ነው። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን።»

«እኔ ስኳር አለብኝ ብዬ አባ ሚልክያስን አስፈቅጃለሁ። አንተም ጠይቃቸው።»

«እኔ ምን ሆኜ?» አሉ አቶ አምሐ።

ሸዋረጋ አጠገባቸው ነበረች፤ ወደ ሰሌዳው ቀና አለች።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ አቶ ተስፋጽዮን ሽንት ቤት ሄዱ፤ ወረፋው ረጅም ነው። ቀዮቹ በአራት ነጥብ ይመራሉ። አንድ ቀይ ልጅ ቅጣት ምት ሊወረውር ቆመ፤ በዚያች ደቂቃ አረንጓዴ የለበሰው ሁሉ ልጁን ለማሳሳት ከወንበሩ ተነስቶ ይጮህ፣ እጁን ያወናጭፍ ጀመር። ሰው ሁሉ ሲቆም አቶ አምሐ አልቆሙም።

ሸዋረጋ ዝቅ ብላ አየቻቸው። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከንፈራቸው ነጥቷል። እጃቸውን ያዘች፤ ቀዝቅዟል።

«ጋሼ፣ ራስዎን ያዞርዎታል?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ኮካ ኮላ ላምጣልዎት፤ ስኳሩ…»

«ዘጠኝ ሰዓት አልኩሽ።» ዐይናቸውን ጨፍነው ነበር የሚናገሩት። ከዚያ ክንዷን ጨበጡ። «ሰው እንዳትጠሪ። ብትጠሪ መቅደስ ትመጣለች። መቅደስ ከመጣች ደብተሩን ታያለች። ምን ልትያት ነው?»

ደብተሩ ከታየ ሥራው አለቀ፤ ሥራው ካለቀ የሳን ፓብሎዋ ክፍል አለቀች፤ ወደ አንሶላ የምትመለስበት ወገብ የላትም። ሸዋረጋ ይህን ሁሉ በአንዴ አሰበችው። ወዲያው ደግሞ በጣቷ የእጃቸውን የደም ሥር ምት ፈለገች፤ ብትፈልገው ብትፈልገው አጣችው።

ክንዷን አስለቀቀች። ኮቷን አውልቃ ከራሳቸው ሥር፣ ከወንበሩ መደገፊያ ላይ ደገፈችና ደረጃውን ወረደች።

ደረጃው ግርጌ ቢጫ ጃኬት የለበሱ አንዲት አሮጊት አስተናጋጅ ቆመዋል። ሸዋረጋ ፊታቸው ደረሰች። አፏን ስትከፍት ያዘጋጀችው እንግሊዝኛ ሁሉ፣ ሰው ሲያያት እንደሚጠፋው ፊደል ጠፋ። ሴትዮዋ ጆሯቸውን አስጠጉ። ጩኸቱ አላቆመም።

የቀራት ቁጥር ብቻ ነበር።

«ናይንቲ ቱ» አለች። «ፊፍቲ ኤይት።»

ሴትዮዋ የወንበር ቁጥር መስሏቸው ወደ ላይ ጠቆሙ። ሸዋረጋ ራሷን ነቀነቀች። በቀኝ እጇ የግራ ክንዷን እንደ መለኪያው ጨበጠችው፣ አጠበቀችው፣ ለቀቀችው። «ናይንቲ ቱ። ፊፍቲ ኤይት» አለች እንደገና፣ ጮክ ብላ። ከዚያ ወደ ላይ፣ ኮቷ ወዳለበት አመለከተች። የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። ትከሻቸው ላይ ያለውን ሬዲዮ አንስተው ተናገሩ።

ሁለት የሕክምና ሠራተኞች በሦስት ደቂቃ ደረሱ። አቶ አምሐን በመሸከሚያ ወንበር ይዘው ሲያወርዷቸው፣ በዙሪያው ያለው ሰው ቀይም አረንጓዴም ተነስቶ መንገድ ለቀቀ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። አቶ አምሐ ኮፍያቸውን ዐይናቸው ላይ ጎተቱት።

ምድር ቤት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለኩዋቸው። ሰማንያ ስድስት በሃምሳ። ክንዳቸው ላይ መርፌ ሰክተው ፈሳሽ አንጠለጠሉላቸው። ወጣቱ ሠራተኛ ወረቀት ይዞ ጠየቀ፤ እንዲህ ሆነው ያውቃሉ ወይ። አቶ አምሐ «ኖ» አሉ። ወጣቱ ወደ ሸዋረጋ ዞረ። አቶ አምሐም ወደ እሷ ዞሩ።

«ይስ» አለች። «ቱስደይ። ቱ ዊክ።» ቁጥሩንም ነገረችው። ወጣቱ ጻፈው። አቶ አምሐ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መቅደስ የደረሰችው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። አቶ ተስፋጽዮን ደውለውላታል። አባቷን ሳመች፤ ከሠራተኞቹ ጋር በእንግሊዝኛ ተነጋገረች፤ ሸዋረጋ ስለ ማክሰኞው የነገረቻቸውንም ነገሯት፤ ወደ ሐኪም ቤት ሊወስዷቸው አምቡላንስ እየመጣ መሆኑን ሰማች። ከዚያ «ሎጉ የታለ?» አለች። አቶ ተስፋጽዮን ቦርሳውን ከመኪናው ይዘውላት መጥተው ነበር።

መቅደስ ደብተሩን ገልጣ የነነዌን ማክሰኞ አገኘች። «ዋን ኤይቲን ኦቨር ሰቨንቲ ሲክስ። ደህና ተኝቷል። በጣም ደስ የሚል ሰው ነው።» ቀና አለች። «ዊች ዋን ኢዝ ትሩ?»

ሸዋረጋ ከበሩ ጋር ተጣብቃ ቆማለች። «ቁጥሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ውሸት ነው። ያን ቀን ወድቀው ነበር ማለት ይቻላል። ሌላው ቁጥር ሁሉ እውነት ነው።»

«ኋይ?»

«ቃሉን የምጽፈው እኔ አይደለሁም። መጻፍ አልችልም። እሳቸው ናቸው የሚጽፉልኝ።»

መቅደስ ወደ አባቷ አየች፤ ግድግዳውን እያዩ ነው። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። «ኦል ኦፍ ኢት?»

«ከጁን ጀምሮ።»

መቅደስ ቆማ አነበበች። ገለጠች፣ አነበበች። «‹ታካሚው ዛሬ ስለ ፖለቲካ ድንቅ ትንታኔ ሰጡ›» ብላ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ መለሰችው። «ዳዲ።»

«እውነት ነዋ» አሉ አቶ አምሐ ለግድግዳው።

አቶ ተስፋጽዮን ሳቃቸውን በሳል አሳለፉት። መቅደስ አልሳቀችም። ደብተሩን ዘጋችና «ኮል አደርግልሻለሁ» አለች ለሸዋረጋ። አምቡላንሱ መጣ።

ሸዋረጋን አቶ ተስፋጽዮን እስከ ሳን ፓብሎ አደረሷት። መንገድ ላይ ሬዲዮ ከፈቱ፤ ቀዮቹ በሁለት ነጥብ አሸንፈዋል። አቶ ተስፋጽዮን ሬዲዮውን ዘጉት። ከመኪናው ስትወርድ «መለኪያውን በክንድሽ እንዲያ አድርገሽ ማሳየትሽን አስተናጋጇ አሮጊት ነገሩኝ» አሉ። «ደግ አደረግሽ። ብቻ ሥራሽን እንጃ።»

ማክሰኞ ስልኩ አልጮኸም። ሸዋረጋ ረቡዕ ቀድሞ ወደምትሠራበት ሆቴል ደውላ ቦታ እንዳለ ጠየቀች፤ አለ ተባለች። ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ መቅደስ ደወለች።

«ነገ ወደ ቤት ይመለሳል። ትመጫለሽ?»

«ደብተሩስ?»

«ደብተር የለም። ጠዋትና ማታ ኮል ታደርጊልኛለሽ፣ ቁጥሩን ትነግሪኛለሽ። እኔ ታይፕ አደርጋለሁ። ሌላውን እጠይቅሻለሁ። አንዴ ብቻ ነው፣ ሸዋረጋ። ኔክስት ታይም የለም።»

«እሺ።»

በማግስቱ ስትገባ ክሩ ብቻ ነበር ከፍሪጁ ጎን የተንጠለጠለው። አቶ አምሐ ሶፋቸው ላይ ናቸው። አባ ሚልክያስ በስልክ ጾሙን እንዳይጾሙ ገዝተዋቸዋል፤ ፊታቸው የተገዘተ ሰው ፊት ነው።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ» አሉ።

ስምንት ወር ሙሉ አንቺ ሲሏት ነው የኖሩት። «ቁርሱን እዚህ ያድርጉልኝ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ።» «መስኮቱን ቢዘጉልኝ፣ ወይዘሮ ሸዋረጋ።» አርብና ቅዳሜ በዚህ አለፈ። እሷም «እሺ ጋሼ» እያለች ሥራዋን ሠራች። የተገባት መሰላት፤ ያልተገባትም መሰላት።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ተስፋጽዮን ቀዩን ኮፍያ በፌስታል ይዘው መጡ።

«የታመመ ሰው ላይ?» አሉ አቶ አምሐ።

«ውርርድ ውርርድ ነው። ወደ አዳራሹ መሄድ ስለማትችል እዚሁ ታደርገዋለህ፤ ፎቶውን እኔ እዚያ አሳያለሁ።»

አቶ አምሐ ኮፍያውን አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት፣ አደረጉት። ፎቶው ተነሳ። አቶ ተስፋጽዮን ሲሄዱም አላወለቁትም።

ማታ ሸዋረጋ መለኪያውን ክንዳቸው ላይ ጠመጠመች። ተነፋ፣ ተነፈሰ።

«ስንት አለ?» አሉ አቶ አምሐ።

«መቶ ሠላሳ አንድ በሰማንያ አራት።»

«መቶ አሥራ ስምንት ብትይው ምን ነበረበት?» አሉ፣ ከቀዩ ኮፍያ ሥር።

ሸዋረጋ ስልኩን አንስታ ደወለች። መቅደስ ስታነሳው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መለኪያ ሳታይ፣ «መቶ ሠላሳ አንድ» አለች። «በሰማንያ አራት።»